ካሜራው ለምን ወደ ታች ይወርዳል?

ካሜራ ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሦስት ቀን ሙሉ የከነከነኝ ነገር አለ፤ እዚህ ባወራው ይሻላል ብዬ ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለችኝ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና እቀርጻለሁ። አልፎ አልፎ የዘፈን ክሊፕም ይመጣል። አሁን የአንድ ጀማሪ ድምፃዊ የባህል ዘፈን ቀርጸን ኤዲቲንግ ላይ ነኝ። ርዝመቱ 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። አንድ ዘፋኝ፣ አራት ሴትና ሁለት ወንድ ተወዛዋዦች አሉበት።

ቅዳሜ ማታ ታናሽ እህቴ እራት ይዛልኝ መጣች። 9ኛ ክፍል ናት። ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና «ይቺ ልጅ ፊቷ የታል?» አለችኝ። የቷ ልጅ አልኳት። «ይቺ ባለ አረንጓዴ ጥለቷ። እስካሁን ያየሁት ወገቧን ብቻ ነው።»

እራቱን አስቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርኩ። ሴቶቹ ብቻቸውን የሚታዩበት 58 ቁራጭ አለ። ከ58ቱ በ37ቱ ፊት የሚባል ነገር የለም። ወይ መቀነቱ ነው፣ ወይ ዳሌ ነው፣ ወይ ከደረት እስከ ጉልበት ነው። ዘፋኙ ግን አንድም ቦታ አንገቱ አልተቆረጠም። ሁለቱ ወንዶችም ፊታቸው ይታያል። እንዲያም ሆኖ አንደኛውን ሸሚዝህን አውልቅ ብለነው፣ ደረቱን ቅባት ቀብተነው፣ ቀሃ ወንዝ ዳር ከጠዋቱ 1 ሰዓት በብርድ አቁመነዋል። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ። ያኔ «ቶሎ በሉ ብርሃኑ እንዳያመልጠን» ነበር ያልኩት።

እስክስታ እኮ ከወገብ በላይ ነው። ትከሻ ነው፣ አንገት ነው፣ ደረት ነው። ታዲያ ካሜራዬን ወገብ ላይ ምን ሰቀለው? ማንም ዝቅ አድርገህ ቅረጽ አላለኝም። እጄ ራሱ ወረደ። ዓመታት ሙሉ ካየኋቸው ክሊፖች ነው የተማርኩት መሰለኝ።

እናንተ ምን ትላላችሁ? የሰው ገላ እንዲህ ለማሻሻጫ መዋሉ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ የወንዶችም? ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማበዛው?

ቀጥታ ልናገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

ወንድሜ፣ ካሜራ ከፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚያነሳው። ጥፋቱ ከአለባበሱ ነው። የዛሬ ልጆች ምን እንደሚለብሱ እናያለን። እነሱ ጨዋ ቢለብሱ ካሜራውም ጨዋ ይሆን ነበር። ሰውን መውቀስ ከፈለግህ ከዚያ ጀምር።

የማራኪ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ቀጥታ ልናገር፣ ጽሑፉን ደግመህ አንብበው። ባለ ጥለት ቀሚስ፣ መቀነት። ልጆቹ የለበሱት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይልበሱ? ቀሚሱ ሸፍኗል፤ ካሜራው ነው ፈልጎ የሄደው።

እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ነው የምማረው። ከግቢ እስከ ፒያሳ ረጅም ቀሚስ ለብሼም ሄጃለሁ፣ ሱሪ ለብሼም ሄጃለሁ፣ ነጠላ ተከናንቤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስም ሄጃለሁ። የሚወረወርብኝ ቃል ያው ነው። የቀሚስ ርዝመት መፍትሔ ቢሆን ኖሮ እናቶቻችን ይነግሩን ነበር። እነሱም ያየነው ነው ይላሉ።

ካሜራ ቤት፣ «እጄ ራሱ ወረደ» ያልከው ነገር ኮርስ ላይ የተማርነውን አስታወሰኝ። ላውራ መልቪ የምትባል እንግሊዛዊት የፊልም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ ስለ «የወንድ ዓይን» አንስታለች። ፊልም ላይ ሦስት ተመልካች አለ። ካሜራው አንድ፣ ታሪኩ ውስጥ ያለው ወንድ ሁለት፣ ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ሦስት። ሦስቱም ሴቲቱን የሚያዩት ከአንድ ወንበር ላይ ሆነው ነው፤ ወንበሩ ደግሞ የወንድ ነው። እኔ ሴት ሆኜ ሳየው እንኳን እዚያው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። የጻፈችው ስለ ሆሊውድ ነው፤ ስለ እኛ አይደለም። ግን 37 ፊት አልባ ቁራጭ ስትል እኔ የታየኝ ያ ወንበር ነው።

የቀድሞው መምህር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ለረጅም ዘመን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሌሊት አንብቤያችሁ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አንደኛ፣ ምኞት ትናንት የመጣ አድርጋችሁ አትዩት። አዝማሪ በዚህች ከተማ መሰንቆውን ይዞ የሴት ገላ ሲያወድስ ኖሯል። አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ በረዶ፣ ተረከዟ ሎሚ። ግን ሰምና ወርቅ ነበረው። ወርቁን ፈልጎ የሚያገኝ ያገኘዋል፣ ልጅ ሰሙን ይዞ ይሄዳል። በአንድ ቤት አያትም የልጅ ልጅም ተቀምጠው ይሰሙት ነበር።

የወንዱንም ጠይቃችኋል። በፉከራና በቀረርቶ የወንድ ገላ ይወደስ የለም ወይ? ይወደሳል። ግን የሚወደሰው ለጥይት የሚሰጥ ደረቱ ነው። ጎፈሬው፣ ክንዱ፣ አለመፍራቱ። የፈራ፣ ያለቀሰ፣ የታመመ ወንድ ዘፈን አልነበረውም። ይህንንም አስቡበት። አንዱን ለአልጋ ሌላውን ለጦር ሜዳ ስናጭ ነው የኖርነው።

ሁለተኛ፣ መታየት ነውር አይደለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን የማያውቅ የለም። ልጃገረድ ለመታየት ለብሳ ትወጣለች። ጎረምሳው ሎሚውን ይዞ ይወጣል። ነገር ግን ሎሚ የሚወረውር ልጅ ፊቷን አይቶ ነው የሚወረውረው። እሷም ማን እንደወረወረ ታያለች። ከወደደችው ታነሳዋለች፤ ካልወደደችው ትታው ታልፋለች። ማየት በሁለት ወገን ነበር። ክሊፑ ላይ ያለችው ልጅ ግን ማን እንደሚያያት አታውቅም፤ ዓይንም አልተሰጣትም።

ስለ ዓይን ካነሳሁ አይቀር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣራውን የሞሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። ከየትም ብትቆሙ ያይዋችኋል። የቀደሙት ሰዓሊዎቻችን ደግሞ ደንብ አላቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይስሉታል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊት መንሳትና ዓይን መንሳት በሥዕላችን ትርጉም ያለው ነገር ነው። የዚያች ልጅ ጥፋቷ ምን ሆኖ ነው ሁለቱንም የተነሳችው?

ሆኖም አንድ ነገር አልደብቅም። እኔ ገላ የጓዳ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ሴት ልጅ ለማያውቃት ሕዝብ በስልክ ላይ ስትወዛወዝ ባላይ እመርጣለሁ። ይህ እምነቴ ነው።

የማራኪ ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የሁለቱ ዓይን ነገር ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል። በሎሚው ግን አልስማማም። እኔን 15 ዓመቴ ላይ ጥምቀት ሲከበር ሎሚ ደረቴን መትቶኛል። አመመኝ። ዞር ስል አምስት ጎረምሶች ይስቃሉ። ማን እንደወረወረ አላየሁም። ታነሳዋለች ወይም ትታው ታልፋለች የሚለው በወግ ደረጃ ያምራል፤ እኔ ግን ማለፍ ነው የነበረኝ፣ ያውም አንገቴን ደፍቼ።

ባለ ትከሻ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

እኔ ተወዛዋዥ ነኝ። ሰባት ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን ስለ እኛ ተወራ፤ ከእኛ አንዷን የጠየቀ ግን የለም።

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ክርክር በተነሳ ቁጥር የት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ «ካሜራው ጥፋተኛ ነው» ይባላል። መጨረሻ ላይ «ልጅቷ ቤቷ ትቀመጥ» ይባላል። አባቴ ውዝዋዜ የጀመርኩ ጊዜ አንድ ዓመት አላናገረኝም። ዛሬ የታናናሾቼን የትምህርት ቤት ወጪ የምሸፍነው በዚሁ ትከሻ ነው። ይህን ሥራ ወድጄ ነው የምሠራው። መድረክ ላይ ስወጣ ማማሬን አውቃለሁ፣ መታየቴንም እወደዋለሁ። በዚህ ማንም አይዘንልኝ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የጎንደር እስክስታ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? አንገትና ትከሻ እየተቀባበሉ፣ ደረት በመሐል እየመታ፣ እግር ግን ዝም ብሎ መሬት ይዞ። ያንን ሳጠና ማታ ማታ ትከሻዬ አብጦ በሞቀ ውኃ እናቴ ስታሸኝ አድራለች። ከዚያ ክሊፑ ሲወጣ ትከሻዬ የለም። ወገቤ አለ። ወገቤን ማንም ያወዛውዘዋል! የለፋሁበትን ጥለው ያልለፋሁበትን ወሰዱት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር ከኋላ የተቀረጸ ነገር የክሊፑ የፊት ሥዕል ሆኖ ወጣ። እየተወዛወዝኩ እንኳን አልነበረም። አስወግዱልኝ ብዬ የሠራው ስቱዲዮ ድረስ ሄድኩ። «እሱ እኮ ነው ቪው ያመጣው» አሉኝ። ቴሌግራም ላይ ስቲከር ሆኖ ሲዞር ወንድሜ አይቶት ነው የነገረኝ።

ካሜራ ቤት፣ አንድ ጥያቄ። ልጆቹን ጠየቅካቸው ወይ?

ካሜራ ቤት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡40

አልጠየቅኋቸውም። እውነቱ ይህ ነው። ቀርጸን ሂሳባቸውን ከፈልን፣ ተለያየን። ለምን እንዳልጠየቅኋቸው እያሰብኩ ነው።

ብረት ገፊ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁም ስለ ሴቶቹ ጻፋችሁ፣ ልክ ናችሁ። ግን ሸሚዙን አውልቆ በብርድ ስለቆመው ልጅ ማንም ምንም አላለም። መምህር ብቻ ነካ አድርገውታል። እኔ ያ ልጅ ነኝ ባይባልም የእሱ ቢጤ ነኝ።

ጂም የጀመርኩት በጤና አልነበረም። 12ኛ ክፍል ሆኜ ሴቶች «እንዲህ ያለ ወንድ» እያሉ ቪዲዮ ሲቀባበሉ ሰምቼ ነው። ሲክስ ፓክ፣ ሰፊ ትከሻ፣ ቁመት። ቁመቴን ምንም ላደርገው አልችልም፤ ጡንቻዬን ግን እችላለሁ አልኩ። ሦስት ዓመት በቀን ሁለቴ። እራት እምቢ ብዬ እናቴን አስለቅሻታለሁ። መስታወት ፊት ስቆም ሁልጊዜ የማየው ቀጫጫውን ልጅ ነው። አሁንም ድረስ።

አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ ጡንቻ የሚያሳብጥ የሆርሞን መርፌ ጀመረ። ከማን እንደገዛው አልናገርም። በአራት ወር አበጠ። ፎቶ ሲለጥፍ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ይሉታል። ፊቱ በብጉር ተሸፈነ፣ ጠባዩ ተለወጠ፣ እንቅልፍ የለውም። ለማን ይናገራል? ሴት ስለ ገላዋ ብትጨነቅ የሚሰማት አይጠፋም። ወንድ ሲናገር ይሳቅበታል።

ለዚህ ነው «የሴቶች ጉዳይ ብቻ» ሲባል የምናደደው።

የማራኪ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድም ዓለም፣ የጻፍከው አሳዝኖኛል፤ ጓደኛህን አደራ ሐኪም ጋ ውሰደው። ግን እኩል ነው እንድል አትጠብቀኝ። አንተን የሚያስጨንቅህ መስታወቱ ነው። እኔን መስታወቱም ያስጨንቀኛል፣ መንገዱም ያስፈራኛል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ቁልፌን በጣቶቼ መሐል ይዤ ነው የምሄደው። አንተ ፎቶህን ያየ ሰው ተከትሎህ አያውቅም። ክሊፕ ላይ የሴት ገላ እንደ ዕቃ ሲታይ ያየ ጎረምሳ ያንኑ ዓይኑን ይዞ ነው መንገድ ላይ የሚያገኘኝ።

ብረት ገፊ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እቀበላለሁ። እኔም የምለው ሚዛን ላይ እናስቀምጠው አይደለም፤ አለ ብቻ በሉኝ ነው።

ነርሷ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

ከተረኛ ሥራ አሁን ገባሁ። ሁለታችሁንም የሚነካ ነገር ስላለ ሳልተኛ ልጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ አሳትመዋል። ተማሪዎችን አንድ በአንድ ልብስ መለኪያ ክፍል አስገቧቸው። ገሚሱ ሹራብ፣ ገሚሱ የዋና ልብስ ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ከዚያ የሒሳብ ፈተና ሰጧቸው። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ሴቶች ያነሰ አመጡ። ወንዶቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ልብ በሉ፣ ማንም አላያቸውም። እነሱ ራሳቸውን በሌላ ሰው ዓይን ማየታቸው ብቻ አእምሯቸውን ተሻማባቸው። ጥናቱ ይህን ነው ያሳየው።

የማራኪ ልጅ አሸነፈች እንዳትሉ። ያኔ ወንዶቹ የለበሱት ሰፋ ያለ የዋና ቁምጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሌሎች ተመራማሪዎች ወንዶቹንም እንደ ሴቶቹ ገላ ላይ የሚጣበቅ የዋና ልብስ አስለብሰው ሙከራውን ደገሙት። ወንዶቹም ወረዱ። ስለዚህ ወንድ አይነካውም የሚባለው ስህተት ነው። ልዩነቱ፣ ሴት ልጅ ያን ጠባብ ልብስ በየቀኑ ነው የምትለብሰው፤ ማለቴ ያ ዓይን ቀኑን ሙሉ አይለያትም።

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ታዳጊ ሴቶች ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ገላን ብቻ የሚያሳይ ሚዲያ ከአመጋገብ መዛባት፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ከማየትና ከድባቴ ጋር እንደሚያያዝ ጠቅሷል። ስለ ወንዶቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ልጆች የሚጫወቱባቸውን የወታደር አሻንጉሊቶች ከ30 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው ለኳቸው። ጡንቻቸው ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሰው ልጅ ሊደርስበት የማይችል ሆኗል።

ብረት ገፊ፣ ስለ ጓደኛህ በግልጽ ልንገርህ። ያ መርፌ የራሱን የወንድ ሆርሞን ምርት ያዳክምበታል። የብልት ፍሬ ይሟሽሻል፣ ዘር ይቀንሳል፣ ደም ግፊትና ልብ ላይ ይመጣል። አንድ መርፌ በጋራ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ አለ። ድንገት ማቆምም የራሱ ጣጣ ስላለው ራሱ ከሚወስን ሐኪም ይየው። አይሳቅበትም። እኛ ጋ ሲመጣ አንስቅም።

ባጃጅ ነጂው
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እኔ ብዙ አልጽፍም። ባጃጄ ላይ ከኋላ የሴት ቅርጽ ስቲከር ነበር፣ ጥቁር፣ ፊት የሌላት። ስገዛው ነበረበት። ትናንት ከአዘዞ አንዲት እናት ከነልጃቸው ጫንኩ። ልጅቷ ስትወርድ ስቲከሩን በጣቷ እየነካች «ይቺ ማናት?» አለች። እናትየው መልስ አጡ። እኔም አጣሁ። ማታ በቢላ ፋቅሁት። ሙጫው እስካሁን አልለቀቀም።

የሁለት ልጆች እናት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሴት ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ስልኬን ተቀብላ እስክስታ ስትቀርጽ አየኋት። ስልኩን የት እንዳስቀመጠችው ልንገራችሁ። ወለል ላይ፣ ወደ ላይ አዙራ። ለምን ጠረጴዛ ላይ አታደርጊውም አልኳት። «እንዲህ ነው የሚቀረጸው እማ» አለችኝ። ትከሻዋ ገና ትከሻ መምታት አልቻለም። የካሜራውን ቦታ ግን ከእስክስታው በፊት ለምዳዋለች።

አልጮህኩባትም። ብጮህባት አልጋው ሥር ገብታ ትቀርጻለች። ቁጭ ብዬ አብሬያት ቪዲዮ አየሁ። «ይቺን ልጅ መንገድ ላይ ብታገኚያት ታውቂያታለሽ?» እያልኩ ጠየቅኋት። ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ «አዎ» አለች። ሌሎቹን «ፊታቸው አልታየም» አለች። ወንድሟ 14 ዓመቱ ነው፤ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «እኔም አላስተዋልኩም ነበር» አለ። ለእሱ ጭምር ነው የምናገረው። ሴት ልጅን ብቻ ይዞ መምከር ግማሽ ሥራ ነው።

ሕግ ተማሪ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡20

ሕግ የለም ወይ የሚል ስለሚኖር አጭር ነገር ልጨምር። የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 በጾታ ምክንያት የሰውን ክብር የሚነካ ምስል በማስታወቂያ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቶታል። እሱ የወጣው ለጤና ቢሆንም፣ በየምሽቱ እናየው የነበረው ጭፈራና ብርጭቆ፣ ወገብና ጡንቻ አብሮ ሄዷል። እንግሊዝ ውስጥም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎጂ የሆነ የጾታ አመለካከት የሚያራምድ ማስታወቂያ ክልክል ነው።

ግን ክሊፕ ማስታወቂያ አይደለም። ኪነ ጥበብ ነው። እኔ በበኩሌ ለእያንዳንዱ ክሊፕ ሳንሱር ቢቋቋም መጀመሪያ የምትጎዳው ባለ ትከሻ ናት ብዬ እሰጋለሁ።

ቀጥታ ልናገር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡45

መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብቤ ችኩልነቴን አየሁት። ቀሚሱ ረጅም ነው፣ እሺ። ልብስ የተባለውን ነገር ሙሉ በሙሉ አልተውም፤ የሕዝብ ፊት ላይ የሚለበስ አለ፣ የማይለበስ አለ፣ ለወንድም ለሴትም። እንደዚያ ከሆነ ግን ደረቱን ያራቆተውን ልጅ እኔም አላየሁትም ነበር። ሴቲቱ ብቻ ናት የታየችኝ። ይህን አምናለሁ።

ጥያቄዬ አሁን ለካሜራ ቤት ነው። ገበያውስ? ፊት ብቻ አሳይተህ ማን ያየዋል?

ካሜራ ቤት
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ይቅርታ፣ ሦስት ቀን ጠፋሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ዓርብ ድምፃዊው መጣ። የገበያውን ጥያቄ እሱም ጠየቀኝ። «ብሬን አውጥቻለሁ፣ ሰው ካላየው ከሰርኩ» አለ። እውነቱን ነው፤ ብሩን ከአጎቱ ተበድሮ ነው። የዘፈኑን ግጥም በል አልኩት። ግጥሙ ስለ አንዲት ልጅ ዓይን ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኗን ነው የሚለማመጠው። «ዓይኗን የት አሳየን?» አልኩት። አብረን ስናይ አንድ ቦታ ብቻ አገኘን፣ እሱም ከሩቅ። ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ ሥራው» አለኝ።

ቅዳሜ አራቱንም ልጆችና ሁለቱን ወንዶች ስቱዲዮ ጠራኋቸው። ባለ ትከሻ፣ አንቺ ስላልሽኝ ነው። ያልተቆረጠውን በሙሉ አሳየኋቸው። እኔ የጠበቅሁት ስለ ወገቡ ይናደዳሉ ብዬ ነበር። ባለ አረንጓዴ ጥለቷ ልጅ አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝና መልሰው አለችኝ። መለስኩት። እንደገና መልሰው አለች። «እዚህ ጋ አንገቴን ሰብሬ ትከሻዬን ብቻዬን ያወጣሁበት ነበር። ሰው ሁሉ ያጨበጨበልኝ። የት አለ?»

ፈለግኩት። ሁለቱንም ካሜራ፣ ሁሉንም ካርድ ፈተሽኩ። የለም። ኤዲቲንግ ላይ የቆረጥኩት መስሎኝ ነበር፤ አልቆረጥኩትም። መጀመሪያውኑ አልቀረጽኩትም። እሷ በሕይወቷ ምርጡን እስክስታ ስትመታ እኔ መቀነቷ ላይ ነበርኩ።

ሸሚዙን ያወለቀው ልጅ ደግሞ እኔን አላየኝም፤ ወለሉን እያየ «ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቀን ሳልኩ» አለ። ለምን እምቢ አላልክም አልኩት። «ወንድ ነህ፣ በርዶኛል ይባላል እንዴ?» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ያ ቁራጭ ከክሊፑ ተወግዷል።

ስለዚህ እንደገና እንቀርጻለን። ድምፃዊው ተስማምቷል፤ የእኔን የቀን ሂሳብ ትቼለታለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ቀሃ ዳር። ክሊፑ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ሰው የራሱን ቁራጭ አይቶ ይሁን ወይም ይቅር ይላል። ወገብ አይታይም አላልኩም፤ ልጆቹም አላሉም። አንደኛዋ እንዲያውም «መቀነቴን እናቴ ናት የሸመነችው፣ እንዳትተወው» ብላለች።

ባለ ትከሻ፣ እባክሽ አንድ ነገር ምከሪኝ። ያን የአንገትና የትከሻ ቅብብል ለመያዝ የት ልቁም? ከጎን ልሞክር ወይስ ራቅ ልበል?

ባለ ትከሻ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡25

ከጎን አትቁም፣ አንዱ ትከሻ ሌላውን ይሸፍንብሃል። ፊት ለፊት ሁን። ካሜራህን በዓይናችን ልክ አድርገው። ሦስት እርምጃ ራቅ በል፣ ትንፋሽ እንድናገኝ። ከበሮው ሲጀምር ደግሞ አትንቀሳቀስ፤ እኛ ነን የምንንቀሳቀሰው። ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ።